ብረቱ እምቢ ሲልህ አትጨምርበት

ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ብረት ከደረት ወደ ላይ መግፋት) ላይ 80 ኪሎ አምስት ጊዜ እገፋ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ያው 80 ኪሎ በሦስተኛው ደረቴ ላይ ቀረ። ሰነፍኩ ብዬ በሳምንት አንድ ቀን ጨመርኩ። ከዚያማ 75ቱም እምቢ አለ።

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ጉልበት ሲቀንስ ልምምድ መጨመር። ጡንቻ የሚጠገነው ብረቱን አስቀምጠህ ስትበላና ስትተኛ ነው፣ ጥገናው ሳያልቅ በላዩ ላይ ከደገምክበት ደግሞ ድካሙ እየተጠራቀመ ይሄዳል እንጂ ጉልበት አይሆንም። ሁለት ሦስት ቀን በተከታታይ የለመድከው ክብደት ከከበደህ ቀንስ። በጊዜ ከነቃህ በቀናት ወይም በሳምንታት ትመለሳለህ፣ ችላ ካልከው ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ሌላው ስህተት፣ ከመጠን በላይ የመለማመድ ምልክቶችን ለየብቻ ማየት ነው። በጣም ደክሞህ እያለ እንቅልፍ እምቢ ይልሃል፣ "ጭንቀት ነው" ትላለህ። ምግብ ያስጠላሃል፣ በትንሽ በትልቁ ትቆጣለህ፣ ጉንፋን ይመላለስብሃል። አንዱ ብቻውን ምንም ላይሆን ይችላል፣ አንድ ላይ ሲመጡ ግን ልብ በል። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሳ የልብ ምትህን ቁጠር። ከለመድከው ከፍ ብሎ ለቀናት ከሰነበተ ሰውነትህ አላገገመም ማለት ሊሆን ይችላል።

"ካላመመኝ አልሰራሁም" የሚሉም አሉ። ተራ የጡንቻ ሕመም ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታና ይለቃል፣ የጥሩ ልምምድ ማስረጃ ግን አይደለም። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ከሆነ አቁም። ሽንትህ እንደ ኮካ ከጠቆረ ደግሞ ነገ ዛሬ ሳትል ሐኪም ቤት ሂድ፤ ጡንቻ ፈርሶ ኩላሊት ላይ አደጋ ሊያመጣ ይችላል።

እያንዳንዱን ዙር (ሳታርፍ በተከታታይ የምትሠራቸውን ድግግሞሾች) እስኪያቅትህ መግፋትም ልክ አይደለም፣ በተለይ ስኳት (ብረት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ማለት) እና ዴድሊፍት (ብረት ከመሬት ማንሳት) ላይ። አንድ ሁለት ድግግሞሽ ሲቀርህ ብረቱን መልስ። ክብደት ለመቀነስ ምግብ እየቆረጡ ልምምዱን መጨመርስ? እሱማ ራስን መቅጣት ነው።

በመጨረሻ፣ ቀለል ያለ ሳምንት መፍራት። ብዙዎች ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ አንዴ ዙሮቹን በግማሽ ይቀንሳሉ። እኔ ጡንቻዬ የሚቀልጥ መስሎኝ ስሸሸው ኖሬያለሁ፣ በሳምንት ግን ምንም አይቀልጥም። የመጀመሪያ ቀን ግማሹን ሰርቼ ልብሴን ስቀይር አሰልጣኙ "አሞሃል እንዴ?" አለኝ። ከአሥር ቀን በኋላ 80ውን አምስት ጊዜ ስገፋ ግን ምንም አላለም።