ለቆሽት ኦፕራሲዮን ስትገቡ ስለ ጣፊያም ጠይቁ

ጅማ ውስጥ በቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። ይህን የምጽፈው ግን አክስቴን ሳስታምም ካየሁት ተነስቼ ነው። አሰንዳቦ ነው የምትኖረው። ቆሽቷ ጭራ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ተገኘባትና መውጣት አለበት ተባለ። ሐኪሙ ፊት እንደተቀመጥን «ጣፊያዋስ ይተርፋል?» አልኩ።

አክስቴ ዞር ብላ አየችኝ። «ልጄ፣ የታመመው ቆሽቴ አይደል እንዴ?»

ሐኪሙ የላብራቶሪ ወረቀት ገልብጦ በእስክሪብቶ ሣለላት። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ተጋድሟል። ጭራው በግራ በኩል ጣፊያ ደጃፍ ድረስ ይደርሳል። የጣፊያ ደም ቅዳ በቆሽት ላይኛ ጠርዝ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ደም መልሱ ደግሞ ከቆሽት ጀርባ ተለጥፎ ያልፋል። «እማማ፣ አንዱን ስነካ ሌላውን እንዳልጎዳ ነው ጭንቀቴ» አላት።

በመጀመሪያ እብጠቱ ካንሰር መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። ካንሰር ከሆነ ወይም በብርቱ ከተጠረጠረ፣ በአካባቢው ያሉት የሊምፍ ዕጢዎች አብረው እንዲወጡ ጣፊያውም ይወጣል። ያኔ «ተዉልኝ» ብላችሁ አትሟገቱ። ካንሰር ካልሆነ ግን ጣፊያን ማትረፍ ይቻል እንደሆነ በግልጽ ጠይቁ።

ማትረፊያው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው በ1996 እ.ኤ.አ. ጃፓናዊው ቀዶ ሐኪም ኪሙራ ያሳተመው ነው፤ ደም ቅዳውም ደም መልሱም ሳይቆረጡ ከቆሽት ይላቀቃሉ። ወደ ቆሽት የሚገቡት ቅርንጫፎች እንደ ክር የቀጠኑ ስለሆኑ አንድ በአንድ ይታሰራሉ። ጊዜ ይፈጃል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሁለተኛው በ1988 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዋርሾው ያሳተመው ነው፤ ትልልቆቹ ቧንቧዎች ይቆረጡና ጣፊያ ከጨጓራ በሚመጡ አጫጭር ቧንቧዎች ይኖራል። ጣፊያው ካበጠ ግን እነዚያ ትንንሽ ቧንቧዎች አይበቁትም። ወባ ጣፊያን ስለሚያሳብጥ፣ ደጋግሞ ለሚይዘው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ የጣፊያው መጠን በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን ታይቶ እንደሆነ ጠይቁ።

ክትባትን አትርሱ። ጣፊያ ይተርፋል ቢባልም ውስጥ ተገብቶ ደም አልቆም ካለ ሊወጣ ይችላል፤ ጣፊያ የሌለውን ሰው ደግሞ ባክቴሪያ ይበረታበታል። ስለዚህ የኒሞኮከስ (የሳንባ ምች ባክቴሪያ)፣ የማጅራት ገትር እና የሂብ (ሳንባ ምችና ማጅራት ገትር የሚያመጣ ሌላ ባክቴሪያ) ክትባት ከኦፕራሲዮኑ ቢያንስ 2 ሳምንት ቀድሞ ቢሰጥ ይመረጣል። ካልተቻለ ከ14 ቀን በኋላ። የትኛው የት እንደሚገኝ ከቀጠሮው በፊት አጣሩ፤ በመጨረሻው ቀን ፍለጋ መሯሯጥ አያዋጣም።

ከኦፕራሲዮኑ ስትወጡ «ጣፊያው አለ ወይስ የለም?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱም በመውጫ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ይህን የምለው በምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ትኩሳቱን በፓራሲታሞል ሲያባብል የቆየ ሰው ተሸክመው አመጡልን። ሌላ ቦታ ነበር የታከመው። ወረቀቱ ላይ ስለ ጣፊያ አንድ ቃል የለም። ሆዱ ላይ ያለውን ጠባሳ አይተን፣ በአልትራሳውንድ ስንፈልግ ነው ጣፊያ እንደሌለው ያወቅነው። ቤተሰቡም አያውቅም ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

ጣፊያ የሌለው ሰው ትኩሳት ከያዘው ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። «ጣፊያ የለኝም» የሚለው የመጀመሪያ ቃሉ ይሁን። ለወባም ለባክቴሪያም ይመርመር፤ ሁለቱም በእሱ ላይ ይበረታሉ። «ወባ ነው፣ ይለፍልኛል» ብሎ ቤት መቀመጥ የለም። ውሻ ከነከሰውም በዚያው ቀን ይታይ።

የአክስቴ ጣፊያ ተርፏል። ከሆዷ ጎን ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ ነበራት፤ የፈሳሹን ቀለምና መጠን በየቀኑ እመዘግብ ነበር፣ ምክንያቱም የተቆረጠው ቆሽት ፈሳሹን ማንጠባጠብ ይችላል። የደም ስኳሯንም እንለካለን፤ ኢንሱሊን የሚሠሩት ሴሎች በቆሽት ጭራ ላይ በብዛት አሉና። «ጣፊያ አልወጣም» የሚለውን ወረቀት በፌስታል ጠቅልላ ከመታወቂያዋ ጋር አስቀምጣዋለች።