የዝናብን ጠባይ ስናነብ የምንሠራቸው ስህተቶች፦ ከደጋ እስከ ቆላ

«የዘንድሮው ክረምት መደበኛ ነው» የሚለው ትንበያ እውነት ሆኖ ሳለ የቆላው ማሽላ በቡቃያው ሊደርቅ ይችላል። አዝመራውን የሚወስነው ዝናቡ መቼ እንደገባ፣ በየስንት ቀኑ እንደጣለና መቼ እንደወጣ ነው።

ዝናብን በከፍታ መገመት። ጅማም መቐለም በከፍታቸው ወይና ደጋ ናቸው። ጅማ በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ታገኛለች፤ ዝናቧም ከበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። መቐለ ግን ወደ 600 ሚሊ ሜትር ብቻ፣ ያውም አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ። ስለዚህ «ለወይና ደጋ የሚሆን ዘር» ሲባል፣ ዘሩ ለመድረስ የሚፈልገውን ቀንና የአካባቢው ዝናብ የሚቆይበትን ቀን ያስተያዩ።

በመጀመሪያው ዝናብ መዝራት። ብዙ ዘር የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። አንድ ኃይለኛ ዝናብ የላይኛውን አፈር ሲያርሰው ዘሩ ይበቅላል፤ ከዚያ ለ10 ቀን ሲያቋርጥ ሥሩ ገና ስላልጠለቀ ቡቃያው ይጠወልጋል። በብዛት የሚሠራበት መለኪያ፣ በ3 ተከታታይ ቀናት ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ከጣለና በቀጣዩ አንድ ወር ረጅም ደረቅ ሰሞን ካልገጠመ ዝናቡ ገብቷል ይላል። (1 ሚሊ ሜትር ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው።) ሁለተኛው ነገር በዘር ቀን አይታወቅምና አፈሩን ይጠይቁ። ማሳው መሃል 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍረው ከሥር ያለውን አፈር ይጨብጡ፤ መዳፍዎን ሲከፍቱ ተያይዞ ከቆየ እርጥበቱ ወርዷል፣ ደርቆ ከተበተነ ይጠብቁ። አሸዋማ መሬት ረጥቦም ቶሎ ስለሚፈርስ እዚያ መዳፍ ላይ የሚቀረውን እርጥበት ማየት ይሻላል። በሚያዝያ የሚዘራው ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ ዝናቡ እስከ ሰኔ ከቀረበት ደግሞ ያንኑ ዘር አይድገሙት፤ ቶሎ ወደሚደርስ ማሽላ፣ ወደ ጤፍ ወይም ወደ ማሾ ይዙሩ።

በልግንና ክረምትን ደምሮ ማስላት። መለዋወጡን ለማወቅ የየወቅቱን መደበኛ ልይይት (የየዓመቱ ዝናብ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያሳየውን ልክ) ለአማካዩ አካፍለው በ100 ያባዙ። ከ20 በታች ከሆነ ዝናቡ የረጋ ነው፤ ከ30 በላይ ከሆነ አይታመንም። ሁለቱን ወቅቶች ከደመሩ የክረምቱ ብዛት የበልጉን መዋዠቅ ይሸፍነዋል፤ በበልግ ገብስ የሚኖረው የወሎ ደገኛ ግን የሚጎዳው በዚያው በተሸፈነው ነው።

ኤልኒኖ ሁሉንም ያደርቃል ብሎ ማሰብ። ኤልኒኖ የሚባለው የፓሲፊክ ውቅያኖስ በምድር ወገብ አካባቢ ከወትሮው ሲሞቅ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ላኒና ይባላል። በ2007 ክረምት ኤልኒኖ ሰሜኑንና ምሥራቁን ክፉኛ አድርቋል። በቦረናና በሶማሌ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ኤልኒኖ የመኸሩን ወራት ዝናብ ብዙ ጊዜ ያጠናክራል፣ የሚያስፈራው ላኒና ነው። ከ2013 መግቢያ እስከ 2015 ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ በተከታታይ 5 ወቅቶች ዝናብ ያነሰው በላኒና ዘመን ነበር።

አዝማሚያን ከድርቅ ዓመት መጀመር። ስሌቱ ከ1976 ክረምት ከተነሣ ዝናቡ እየጨመረ የመጣ ይመስላል፤ ከእርጥቦቹ የ1950ዎቹ ዓመታት ከተነሣ እየቀነሰ የመጣ ይመስላል። ቢያንስ የ30 ዓመት መዝገብ ይያዙ፤ መነሻውን በጥቂት ዓመታት ወዲያና ወዲህ ሲያደርጉት መልሱ ከተገለበጠ «አዝማሚያ አለ» አይበሉ።

ያልተለካን ቀን 0 ብሎ መጻፍ። 0 ማለት ተለክቶ ዝናብ አልነበረም ማለት ነው። ለካዩ ታሞ ወይም ለቅሶ ሄዶ ከቀረ ሰረዝ ይደረግበት፤ አለዚያ ያልነበረ ድርቅ በመዝገብ ይፈጠራል። መለኪያውም ከዛፍና ከጣሪያ፣ ቢያንስ የቁመታቸውን እጥፍ ያህል ይራቅ።

የዘመን አቆጣጠር ማደባለቅ። ሰኔ 1 በፈረንጆቹ ሰኔ 8 ላይ ይውላል፤ ስለዚህ የሰኔን ድምር ከፈረንጆቹ ሰኔ ጋር እንዳለ ማወዳደር የሳምንት ዝናብ ያዛባል። የ77 ረሃብ ብለን የምንጠራውም ዝናቡ የቀረው በ1976 ክረምት ነው። 12 ወር ብቻ ባለው ቅጽ ላይ ሲገለበጥ ደግሞ የጳጉሜ ዝናብ ጨርሶ ይጠፋል፤ የ5 ወይም የ6 ቀን ዝናብ፣ ያውም ክረምቱ ሊወጣ ሲል የወረደው። ጳጉሜን ለብቻዋ መዝግበው፣ ድምሩን ከመሥራትዎ በፊት ሁሉንም ቀን በቀን ወደ አንድ የዘመን አቆጣጠር ይለውጡ።