የገጽዎን ሪፖርት ከማመንዎ በፊት፦ የማኅበራዊ ሚዲያ ግብይት ቃላት ምን ይቆጥራሉ?

በድሬዳዋ አሸዋ ገበያ ሽቲና ሽርጥ የሚሸጥ ነጋዴ የፌስቡክ ገጹን ለሚያስተዳድርለት ወጣት የወር ክፍያ ሲፈጽም፣ በምላሹ የሚደርሰው ሪፖርት ብዙውን ጊዜ «ሪች»፣ «ኢምፕሬሽን» እና «ኢንጌጅመንት» በሚሉ ቃላት የተሞላ ነው። ቁጥሮቹ ትልልቅ በመሆናቸው ደስ ያሰኛሉ፤ ነገር ግን ከእያንዳንዱ ቁጥር ፊት አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው የሚቆጠረው ሰው ነው፣ ዕይታ ነው ወይስ ድርጊት የሚለው ነው።

ሪች የሚቆጥረው ሰውን ነው። ኢምፕሬሽን ደግሞ ምስሉ በስልክ ላይ የታየበትን ጊዜ ሁሉ ይቆጥራል፤ አንዲት ደንበኛ የሽቲ ማስታወቂያዎን ጠዋት፣ ከምሳ በኋላና ማታ ብታየው ሪች 1፣ ኢምፕሬሽን 3 ይሆናል። በቴሌግራም ቻናል ከዓይን ምልክት አጠገብ የሚታየው ቁጥር መልእክቱ ወደ ሌላ ቦታ ፎርዋርድ ተደርጎ የታየውንም ስለሚጨምር፣ ከአባላቱ ብዛት በልጦ ቢገኝ ሐሰት ነው ማለት አይደለም።

ኢንጌጅመንት ላይክን፣ ኮሜንትን፣ ሼርንና የመሳሰሉትን ድርጊቶች በአንድነት ይይዛል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብሎ የለጠፈ ነጋዴ ሥር የሚደረደረው «ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ሁሉ ኢንጌጅመንት ሆኖ ይመዘገባል፤ ከእነዚህ ጠያቂዎች ብዙዎቹ ዋጋው ተጽፎ ቢሆን ኖሮ አይተው የሚያልፉ ነበሩ። በእኔ እምነት ዋጋን መጻፍ ኮሜንትን ቢቀንስም የሚመጣውን ደንበኛ ያጠራል። የኢንጌጅመንት መጠን በመቶኛ ሲነገርዎትም ለየትኛው ቁጥር እንደተካፈለ ይጠይቁ፤ 300 ድርጊት ለ10,000 ተከታዮች ሲካፈል 3 በመቶ፣ ለ2,500 ሪች ሲካፈል ግን 12 በመቶ ይሰጣል።

ያለ ክፍያ የሚገኝ ሪች ኦርጋኒክ ይባላል፤ ገንዘብ ከፍሎ ማስፋት ደግሞ ቡስት ማድረግ ነው። ለምሳሌ 2,000 ብር ከፍለው ቡስት ያደረጉት ማስታወቂያ 16,000 ሰዎች ዘንድ ደርሶ 40,000 ጊዜ ታየ እንበል። አንድ ሰው በአማካይ 2.5 ጊዜ አይቶታል ማለት ነው፤ ይህም ፍሪኩዌንሲ ይባላል። ሲፒኤም የሺህ ዕይታ ዋጋ ሲሆን 2,000 ለ40 ሲካፈል 50 ብር ይመጣል። 400 ጊዜ ክሊክ ከተደረገ የአንድ ክሊክ ዋጋ ወይም ሲፒሲ 5 ብር፣ ከዕይታዎቹ ወደ ክሊክ የተለወጡት ድርሻ ወይም ሲቲአር 1 በመቶ ነው። በመጨረሻ 20 ሽቲ ቢሸጥ ኮንቨርዥኑ፣ ማለትም ወደ ሽያጭ የተለወጠው ድርሻ፣ ከክሊኩ 5 በመቶ ሆኖ እያንዳንዱ ሽያጭ 100 ብር የማስታወቂያ ወጪ ጠይቋል፤ ከአንዱ ሽቲ የሚያተርፉት 80 ብር ብቻ ከሆነ ያ ሁሉ ዕይታ በኪሳራ የተገዛ ነው።

ታርጌት ማድረግ ማስታወቂያው የሚታየውን ሰው በቦታ፣ በዕድሜና በፍላጎት መምረጥ ነው። ዕቃ የሚያደርሱት በድሬዳዋና በሐረር ብቻ ሆኖ ሳለ መላውን ኢትዮጵያ መምረጥ ሪችን ከፍ ያደርጋል፤ ከባሕር ዳር የምትጠይቅዎት ደንበኛ ግን ከኮሜንት አታልፍም።

ሌላው ችግር፣ በእኛ ገበያ ሽያጩ የሚያልቀው በስልክ ወይም ሱቅ ውስጥ በመሆኑ ፌስቡክ ራሱ ሊቆጥረው አለመቻሉ ነው። ስለዚህ በመደርደሪያው ላይ አንድ ደብተር አስቀምጠው የገዛውን ሁሉ «የት አይተውን መጡ?» ብለው በመጠየቅ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ ወይም በመንገድ ሲያልፍ በሚሉ ዓምዶች ሥር ምልክት ያድርጉ። ሪፖርቱ ሲመጣ ከደብተሩ ጎን ያስቀምጡትና ገጹን የሚያስተዳድረው ወጣት ባለበት አንድ ላይ ያንብቧቸው።