«ናይዘር» እና «ኖር»ን በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ላይ እንዴት እንጻፍ?

አራት ኪሎ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ይዣለሁ። ከፊቴ ያለው ልጅ ለአሠሪው የሚሰጠውን ደብዳቤ እያስጻፈ ነው። ጸሐፊዋ ጮክ ብላ አነበበችለት፦ «አይ ዲድ ኖት ሪሲቭ ናይዘር ሳላሪ ኖር ቦነስ»። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ዝም አልኩ። ይህንኑ ስህተት ስንት ዓመት ጽፌዋለሁ!

ጥፋቱ የሚመጣው ከአማርኛችን ነው። «ደመወዝም ቦነስም አላገኘሁም» ስንል «ም»ን ሁለቱም ላይ እንለጥፋለን፤ ግሱንም አሉታ እናደርጋለን። «ደመወዝም ቦነስም አገኘሁ» ካልንማ ነገሩ ተገለበጠ። እንግሊዝኛው ግን አንድ አሉታ ይበቃዋል፤ «ናይዘር … ኖር» (neither … nor) ራሱ «ይህም ያም አይደለም» ማለት ነውና እሱንም ናይዘር ተሸክሞታል።

ስለዚህ መጀመሪያ ግሱን በአዎንታ ጻፉ፦ «አይ ሪሲቭድ»። ከዚያ ጥንዱን አስከትሉ፦ «አይ ሪሲቭድ ናይዘር ሳላሪ ኖር ቦነስ»። «ዲድ ኖት» ካልገባ ሞቼ እገኛለሁ ካላችሁ ደግሞ ጥንዱን ቀይሩ፦ «አይ ዲድ ኖት ሪሲቭ አይዘር ሳላሪ ኦር ቦነስ»። ናይዘርና ኖር ሁለቱም በ«ኤን» ይጀምራሉ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ ሲጠፋችሁ እሱን አስቡ።

ቀጥሎ ቦታውን እዩ። ከናይዘር በኋላ ስም ከመጣ ከኖርም በኋላ ስም ይምጣ፤ ግስ ከሆነም ግስ። «ሂ ናይዘር ኮልድ ኖር ሮት» ደህና ነው። «ሂ ናይዘር ሪሲቭድ ማይ ሌተር ኖር ማይ ሪሲት» ግን ያነክሳል። ናይዘርን ከ«ሪሲቭድ» ኋላ አሻግሩት፣ አለቀ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ጥንዱ ባለቤት ሲሆን ነው። እኛ «ሥራ አስኪያጁም ሠራተኞቹም አልነበሩም» ብለን በብዙ ቁጥር እንዘጋለን። የእንግሊዝኛው ግስ የሚታዘዘው ለቅርቡ ነው፦ «ናይዘር ዘ ማናጀር ኖር ዘ ወርከርስ ዌር ፕሬዘንት»። ቦታ ሲቀያየሩ «ናይዘር ዘ ወርከርስ ኖር ዘ ማናጀር ዋዝ ፕሬዘንት» ይሆናል። ትክክል ነው፣ ግን ጆሮ ይጎረብጣል። እኔ ሁሌም ብዙውን ወደ ኋላ አደርገዋለሁ።

ኖር ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲያያይዝ ደግሞ የጥያቄ ቅርጽ ያስይዛል፦ «ሂ ዲድ ኖት ካም፣ ኖር ዲድ ሂ ኮል»። ለወሬ ይከብዳል፤ ለደብዳቤ ያምራል።

ጸሐፊዋ ፕሪንት ልታደርግ ስትል አላስችል አለኝ። «ይቅርታ እህቴ፣ ያቺን ‹ዲድ ኖት› አውጪለት» አልኳት። አጠፋችና «ሪሲቭ»ን «ሪሲቭድ» አደረገች። ልጁ ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አየ። «አሁን አላገኘሁም ነው አገኘሁ የሚለው?» አለ።

«አላገኘሁም ነው» አልኩት። ወረፋው ከኋላዬ ያጉረመርማል።