የቤተሰብ ሰው ሲታሰር ቤቱ እንዳይፈርስ ምን ይደረጋል?

ታላቅ ወንድሜ እዚህ ሐዋሳ የታሰረ ጊዜ እኛ ቤት የሚታወቀው ነገር ስንቅ ማመላለስ ብቻ ነበር። እናቴ ከሰፈራችን ከአቶቴ እየተነሳች በቀን ሁለቴ ትሄዳለች፤ እኔ ከሥራ እቀራለሁ፤ አባቴ ለባጃጁ ሞተር ያስቀመጠውን ብር ማውጣት ጀምሯል። በሦስተኛው ወር ወንድሜ እዚያው ነበር። እኛ ግን ብሩም ጉልበቱም አልቆብን፣ እርስ በርስ መነጋገርም ትተን ነበር። እስሩ ሊረዝም እንደሚችል ከመጀመሪያው አስባችሁ አቅማችሁን ካልከፋፈላችሁ፣ እስረኛው ሳይፈታ ቤቱ ያልቃል። ከዚህ በታች የጻፍኩት ያኔ የሚነግረን ሰው ያጣነውን ነው።

1. በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ጠይቁ፣ ጻፉ

አንድ ደብተር ግዙ። የትኛው ጣቢያ እንዳለ፣ በምን እንደተጠረጠረ፣ የመርማሪውን ስም፣ ፍርድ ቤት የሚቀርብበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል፤ ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው የጉዞ ጊዜ አይቆጠርም። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ካለ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ በአንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም። እኛ ይህን ስለማናውቅ በየማታው "ነገ ይለቀቃል" እያልን ተኛን፣ በየጠዋቱ አዲስ ሐዘን ላይ ተቀመጥን። ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ማወቅ ብቻውን እንቅልፍ ይሰጣል።

በቀጠሮው ቀን ችሎት ገብታችሁ ተቀመጡ። ታስሮ የመጣ ሰው ዘወር ሲል የሚያውቀውን ፊት ማየቱ ቀላል ነገር አይደለም። ከታመመ ወይም ተመትቶ ከሆነ ለዳኛው ራሱ እንዲናገር አስቀድማችሁ ምከሩት። ችሎቱ በማይሰማው ቋንቋ ከሆነ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው። ደንግጦ "ገብቶኛል" እንዳይል።

2. ብር ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ሌሊት እደሩበት

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሰው መጣ፤ ያገናኘን የሰፈር ሰው ነው። "ጉዳዩን የያዙትን አውቃቸዋለሁ፣ እስከ ዓርብ አስወጣዋለሁ" አለ። አባቴ ብሩን በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ ሻይ ቤት ውስጥ ሰጠው። ዓርብ ሲደርስ የሰውዬው ስልክ ዝግ ነበር። አባቴ ቀኑን ሙሉ ደጅ ተቀምጦ ያንኑ ቁጥር ሲደውል ዋለ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ብር ሲነሳ ከክፍሉ ይወጣ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ለእናንተም ይመጣል፤ የሚመጣውም በጣም በደከማችሁ ቀን ነው። ጉቦ መስጠት ራሱ ወንጀል በመሆኑ፣ በአንድ እስረኛ ላይ ሌላ እስረኛ ልትጨምሩ ትችላላችሁ።

ብሩን ፈቃድ ላለው ጠበቃ አውጡት። አቅም ከሌላችሁ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ እንዲያቆምለት ችሎቱን ይጠይቅ። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ዋስትና ተከልክሎ ከሆነ በሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት በ20 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይግባኝ ማለት ይቻላል። ቀኗ እንዳታልፋችሁ ደብተሩ ላይ በቀይ ጻፏት።

3. ስንቁን በልክ አድርጉት

ፖሊስ ጣቢያ እያለ የሚበላው በአብዛኛው ከቤት የሚሄደውን ነው። ማረሚያ ቤት ከገባ ግን ቀለብ አለው፤ ያኔ በየቀኑ ወጥ መሥራቱን አቁሙና ደረቅ ስንቅ አስገቡ። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ጩኮ አይበላሽም፣ ለጎረቤቱም ይተርፋል። ምን እንደሚፈልግ ራሱን ጠይቁት። እናቴ ዶሮ ስትሠራ ወንድሜ የሚፈልገው ሳሙና፣ የውስጥ ሱሪና ካልሲ ነበር። መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ከሐኪም ማዘዣው ጋር አምጡ።

በር ላይ ፍተሻ አለ። እንጀራው ይገለጣል፣ ወጡ ይማሰላል፣ ቅመሱ ትባላላችሁ። መጀመሪያ ቀን እናቴ በዚህ አልቅሳለች። በኋላ ግን ክዳኑ የሚያሳይ የፕላስቲክ ዕቃ ገዛች፣ እንጀራውንም ሳትጠቀልል ዘርግታ ታመጣው ጀመር፤ ፍተሻው ቶሎ ያልቃል። የሚጠየቅበትን ቀንና ሰዓት፣ የማይገባውንም ዕቃ ከጠባቂዎቹ ጠይቃችሁ ጻፉ፤ መታወቂያ አትርሱ።

ባዶውን ዕቃ ስትቀበሉ ክፈቱት። እናቴ ከወንድሜ አፍ ይልቅ የምታምነው ምሳ ዕቃውን ነበር። ተጠርጎ ከመጣ ደህና ነው፤ አንድ ጊዜ ግን ሽሮው ሳይነካ ደርቆ መጣ፤ ሦስት ቀን ትኩሳት ላይ እንደነበር ያወቅነው እንደዚያ ነው።

አንድ ቀን ጠባቂው "ዛሬ ለእሱ ስንቅ አይገባም" አላት። እናቴ እዚያው ተቀመጠች፣ እግሯ ከዳት። በደርግ ጊዜ "ከእንግዲህ ስንቅ አታምጡ" መባል ሰውየው ተገድሏል ማለት እንደነበር የእሷ ዕድሜ ሰው ሁሉ ያውቃል። ወንድሜ ወደ ማረሚያ ቤት ተዛውሮ ኖሯል። በቤታችሁ ትልቅ ሰው ካለ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ስንቅ ሲመለስም "ወዴት ተዛወረ?" ብላችሁ ሳትጠይቁ ከበሩ አትራቁ።

4. ተራ አውጡ

ጠያቂው አንድ ሰው ብቻ እንዳይሆን። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ላይ እስረኛን ሊጠይቁ የሚችሉትን ሲጠቅስ የትዳር ጓደኛን፣ የቅርብ ዘመድን፣ ጓደኛን፣ የሃይማኖት አማካሪን፣ ሐኪምንና ጠበቃን ይዘረዝራል። እኛ ማክሰኞን ለአጎቴ፣ ቅዳሜን ለወንድሜ ጓደኛ ሰጠን። ሰዎች "ያስፈታው" ብለው ያልፋሉ፤ ከልባቸው ነው፣ ግን ምን ማድረግ እንደሚችሉ አያውቁም። "አሜን" ካላችሁ በኋላ የሚሠራ ነገር ስጧቸው። አንዷ ጎረቤታችን በየሁለት ሳምንቱ በሶ ትፈጭልን ነበር፤ እስክንጠይቃት ድረስ አፍራን ቤታችን መምጣት ትታ ነበር።

5. ለልጆቹ እውነቱን ንገሩ

የወንድሜ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነበር። አባቷ አረብ አገር ሄዷል አልናት። ትምህርት ቤት አንድ ልጅ እውነቱን ነገራት። ቤት መጥታ ምንም አላለችም፤ ማታ ግን እናቷ ጫማዋን ስታወልቅላት "አረብ አገር ፖሊስ አለ?" ብላ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ የምንነግራትን ሌላውንም ነገር ለረጅም ጊዜ አላመነችንም። አጭር አድርጋችሁ ራሳችሁ ንገሯቸው፦ አባትሽ ታስሯል፣ ዳኛ ጉዳዩን እያየው ነው፣ ምግብ ይበላል፣ ይወድሻል፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ለመምህሯም ንገሩ። ልትጠይቀው ከሄደች ፍተሻውን፣ ሽቦውን፣ ጫጫታውን ቀድማችሁ አስረዷት።

6. የቤቱን ጉዳይ አስተካክሉ

የቤት ኪራይ፣ ብድር፣ ዕቁብ፣ በስሙ ያለ ባጃጅ ወይም ሱቅ ሁሉ በደብተሩ ይግባ። ፊርማው የሚያስፈልግ ጉዳይ ካለ ውክልና እንዲሰጥ በጊዜ ተነጋገሩ። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ከስንቅ ይቀድማል፤ ወንድሜም ቢጠየቅ የሚለው ይህንኑ ነበር።

7. ከተፈረደ በኋላ ቀኑን ቁጠሩ

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202 መሠረት ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰና ጠባዩን ያሳመረ ሰው በአመክሮ ሊፈታ ይችላል፤ በደጋጋሚ ወንጀለኝነት የተፈረደበትን አይጨምርም። ስድስት ዓመት ለተፈረደበት አራት ዓመት ሲሞላው ማለት ነው። ቀኑን አስሉት፣ ከማረሚያ ቤቱ ጋር አመሳክሩት፣ ለእሱም ንገሩት። ውስጥ ትምህርት ወይም ሙያ ካለ እንዲገባበት ገፋፉት።

ሲወጣ በዚያው ቀን ድግስ አትደግሱ። እኛ ግቢውን በሰው ሞላነው፤ ወንድሜ ግን ትንሽ ቆይቶ ተነሳና ጫማውን አድርጎ ወጣ። ሲመሽ ሐይቁ ዳር አገኘሁት፤ አጠገቡ ቁጭ አልኩ፣ ሁለታችንም ዝም አልን።