ትርፉ ቁልፍ አልሰራም ሲሏችሁ

መኪናችሁን ለገጣፎ ወይም አያት፣ ዘመድ ግቢ አቁማችሁ ውጭ አገር ሄዳችኋል እንበል። አንድ ቀን ስልክ ይመጣል። ዋናው ቁልፍ ጠፍቷል፤ የትርፉ ደግሞ ሪሞቱ አይሰራም። ቁልፍ ቀራጩ «ሙሉ በሙሉ ይቀየር» ብሏል። ብር ላኩ ነው ነገሩ።

እባካችሁ፣ ከመላካችሁ በፊት በቪዲዮ ደውሉ። ዋሽንግተን ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን፣ እንደ ወቅቱ፣ እዚያ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ነው። ብርሃን አለ፣ ሱቅም ክፍት ነው።

ከሁሉ በፊት ይህን አስረዷቸው። በር የሚከፍተው ሪሞትና ሞተር የሚያስነሳው ነገር አንድ አይደሉም። ሪሞቱ የሚሰራው በባትሪ ድንጋይ ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው ግን ቁልፉ ራስ ውስጥ ያለች ሚጢጢ ቺፕ ናት፤ እሷ ድንጋይ አትፈልግም። ኃይል የምታገኘው ከቁልፍ ማስገቢያው ዙሪያ ካለው ጥቅል ሽቦ ነው። ስለዚህ እዚያ ያለው ሰው በሩን በቁልፉ ከፍቶ ያስነሳ። አላርሙ ሊጮህ ይችላል፣ አይደንግጥ። ከተነሳች ቁልፉ ደህና ነው፤ ችግሩ ሪሞቱ ብቻ ነው። ፑሽ ስታርት ከሆነች ሪሞቱ ውስጥ የተደበቀ የብረት ቁልፍ አለ፣ በሩን በእሱ ይክፈት። ከዚያ ፍሬን ረግጦ ሪሞቱን ራሱን ስታርት በተኑ ላይ ያስጠጋ። ብዙ መኪና እንዲህ ይነሳል።

የማይነሳ ከሆነ ግን ወደ ቁልፉ አትሂዱ። መጀመሪያ የመኪናዋን ባትሪ ጠይቁ። የውስጥ መብራት ይበራል? ለወራት የቆመች መኪና ባትሪዋ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ የትኛውም ሪሞት አይሰራም። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ባትሪው እንዳይወርድ ብሎ አንዱ የነጌቲቩን ገመድ ነቅሎት ይሄዳል፣ ለቤተሰቡም አይናገርም። ቦኔቱን ከፍተው ያሳዩአችሁ።

አሁን ወደ ድንጋዩ። ብዙ ሪሞት የሚወስደው ሲአር 2032 የሚባለውን፣ ክብ ባለ 3 ቮልት ነው። ከ2025 እና ከ2016 ጋር በስፋት እኩል ስለሆነ ሰው ይሳሳታል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ግን ውፍረቱን ነው የሚናገሩት፤ 32 ማለት 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። ቀጭኑን ከገዙ ውስጡ ይንቀሳቀሳል፣ ላይሰራም ይችላል። አሮጌውን ፎቶ ያንሱና ቁጥሩን አይተው ይግዙ። ሱቅ ላይ ብዙ የቆየ ድንጋይም ስላለ፣ ቴስተር ያለው ኤሌክትሪሺያን ቢለካላቸው ጥሩ ነው። የወለቀው ሕፃን እጅ እንዳይገባ አደራ። ከተዋጠ በሰዓታት ውስጥ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ወዲያው ሆስፒታል ነው።

እኔ ጋ የሆነውን ልንገራችሁ። ትርፉ ቁልፍ ሁለት ዓመት ሙሉ የእህቴ ቡፌ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ልጇ አዲስ ድንጋይ ገዝቶ ቀየረ፣ አልሰራም። «ጋሼ፣ በቃ ሞቷል» አለኝ። ስልኩን ጠጋ አድርገው አልኩት። ድንጋዩ በትክክል ነው የገባው፣ የመደመር ምልክቱም ቦታው ላይ ነው። ከሥሩ ያለችው ስስ የብረት ምላስ ግን ተጨፍልቃ ተኝታለች፣ ድንጋዩን አትነካውም። በመርፌ ጫፍ ቀስ ብሎ ቀና አደረጋት። ድንጋዩን መልሶ ሲጫን ቀይዋ መብራት ብልጭ አለች። መኪናዋም ከግቢው ጥግ ፍሬቻዋን አበራች። ያን ቀን ለአዲስ ቁልፍ ልልክ የነበረው ብር እጄ ላይ ቀረ።

መብራቷ እየበራች መኪናዋ ካልሰማች፣ ሪሞቱና መኪናዋ ተለያይተው ይሆናል። ሪሞት በተጫነ ቁጥር ኮዱን ይቀይራል። ሕፃን መኪናዋ በሌለችበት ደጋግሞ ሲጫወትበት ኮዱ ርቆ ይሄዳል። ማስተዋወቁ እንደየመኪናው ይለያያል፣ የመኪናዋን መመሪያ ወይም ባለሙያ ይዘው ያድርጉት። አላርሙ አዲስ አበባ የተገጠመ ከሆነ ደግሞ ሪሞቱ የአላርሙ ነው፤ ድንጋዩም ባለ 12 ቮልቱ ትንሽ ዱላ መሳይ ሊሆን ይችላል።

ከአሜሪካ ቁልፍ ገዝቼ ልላክ የምትሉ ተጠንቀቁ። መልኩ አንድ ሆኖ ሞገዱ ይለያል። የአሜሪካና የጃፓን ሪሞቶች ብዙዎቹ በ315 ሜጋ ኸርዝ ናቸው፤ የአውሮፓና የዱባይ መኪኖች ብዙዎቹ በ433። መጀመሪያ የአሮጌውን ጀርባ ፎቶ አስልኩ። ድንጋይ በሚሄድ ሰው ከላካችሁም በእጅ ሻንጣው ይያዘው፤ ትርፍ የሊትየም ባትሪ በሚጫን ሻንጣ አይገባም።

ትርፉ ቢሰራም የጠፋውን ቁልፍ ዝም አትበሉት። አንድ የሚሰራ ቁልፍ እያለ ሌላ ማስቀረጽ ቀላል ነው። ሁለቱም ከጠፉ ሥራውም ወጪውም ይከብዳል። ሊብሬውንና ያለውን ቁልፍ ሁሉ ይዘው ይሂዱ፣ የጠፋውም ከመኪናዋ እንዲሰረዝ ይጠይቁ። ቁልፉን ለቀራጩ ጥለው አይሂዱ፣ እዚያው ቆመው ይጠብቁ።

እኔ አሁን በየወሩ የመጀመሪያው እሁድ እደውላለሁ። የእህቴ ልጅ በትርፉ ቁልፍ ከፍቶ ያስነሳል፣ እስከ አያት አደባባይ ነድቶ ይመለሳል። ባትሪውም ይሞላል፣ ሪሞቱም ይሞከራል።