ራስን መገምገም፦ ለራስ አምስት ከአምስት ሳይሰጡ

ስልክ ላይ «ምን ዓይነት መሪ ነህ?» የሚል መጠይቅ ሞልታችሁ፣ የወጣላችሁን ስክሪንሾት አንስታችሁ ቴሌግራም ላይ የለጠፋችሁ ብዙ ናችሁ። ውጤቱ ደስ ይላል አይደል? «ባለ ራዕይ ነህ፣ ሰው ታዳምጣለህ፣ አንዳንዴ ግን በራስህ ላይ ትጨክናለህ።» ቁርጥ እናንተን። ችግሩ ጎረቤታችሁንም ቁርጥ እሱን ነው። የጎረቤታችሁን አማችም እንደዚያው።

በርትራም ፎረር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ይህን ነገር በ1948 (በፈረንጆች) ሞክሮታል። 39 ተማሪዎቹን የስብዕና መጠይቅ አስሞላ። ቆይቶ ለእያንዳንዳቸው «ይኸው ውጤትህ» ብሎ አንድ ወረቀት ሰጠና ምን ያህል ይገልጽሃል፣ ከ5 ነጥብ ስጠው አላቸው። አማካዩ 4.26 ወጣ። ወረቀቱ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር። ሐሳቡንም አብዛኛውን የለቃቀመው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ አንድ ውጤት አንብባችሁ «ልክ እኔን!» ስላላችሁ ብቻ ውጤቱ ትክክል ነው ማለት አይደለም።

ታዲያ ይቅርብን ወይ? አይቅር። ግን መጠይቅ የሚነግራችሁ እናንተ ስለ ራሳችሁ ምን እንደምታስቡ ነው። እንዴት እንደምትመሩ የሚታወቀው ካደረጋችሁት ነገርና ከእናንተ ጋር ከሚሠሩት ሰዎች ነው። ሥራው እነዚህን ጎን ለጎን አስቀምጦ የማይገጥመውን መፈለግ ነው።

መሪ ስል ደግሞ ትልቅ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ብቻ አይደለም። ድሬዳዋ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ ሁለት ልጅ ቀጥራ ሱቅ የምታሠራ ሴት መሪ ናት። የዕቁብ ዳኛ፣ የአፎቻ (የእኛ አገር ዕድር በሉት) ሰብሳቢ፣ ሦስት ባጃጅ አሰማርቶ ማታ ማታ ሒሳብ የሚቀበል ሰው፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የስፌት መስመር የያዘች ልጅ፣ ሁሉም መሪ ናቸው።

መጀመሪያ መጠይቁን ሳይሆን ደብተር ክፈቱ። ጠዋት ይሁን። ግንቦት ላይ ድሬ ውስጥ በስምንት ሰዓት ራሱን በትክክል የሚመዝን ሰው የለም፣ በዚያ ሙቀት ሰው ራሱንም ሌላውንም ይጠላል። በርጫ ላይም አይሆንም። ምርቃና ላይ ሁላችንም ጎበዝ መሪዎች ነን፤ ሠራተኛውን አስማምተን፣ ዕዳውን ከፍለን፣ ጂቡቲ ላይ ቅርንጫፍ ከፍተን እንጨርሳለን። በዚያ ሰዓት የተሞላ መጠይቅ ሁሉም መልሱ 5 ነው።

ደብተሩ ላይ ቅጽል አትጻፉ። «ታጋሽ ነኝ»፣ «ግልጽ ነኝ»፣ «ትንሽ ቁጡ ነኝ» የሚል ነገር ከጻፋችሁ ሰርዙት። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ግምገማና ግለ ሂስ ምን እንደሚመስል ያውቃል። አንዱ ይነሳና «የእኔ ድክመት፣ ሥራ ላይ ስለማልደራደር ሰው ይቀየመኛል» ይላል። ይሄ ምኑ ነው ድክመት? በድክመት ስም ራሱን እያመሰገነ ነው። ሌላው ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ ይደረድራል፣ ግን የሚደረድረው ሌሎቹ ሳይቀድሙት ለመጨረስ ብሎ ነው። ሁለቱም የሚናገሩት ለተሰብሳቢው ነው። እናንተ ግን ተሰብሳቢ የላችሁም፣ ደብተሩን ማንም አያየውም፣ ስለዚህ የሆነውን ነገር እንደሆነ ጻፉት።

ሦስት አጋጣሚ ይበቃል፤ የቅርብ ጊዜ ይሁኑ። አንዱ ከሥራችሁ ያለ ሰው የተሳሳተበት ቀን። ሌላው ሐሳባችሁን አንድ ሰው በግልጽ የተቃወመበት ቀን። ሦስተኛው እናንተ የሌላችሁበት ቀን። በእያንዳንዱ ላይ ምን እንዳላችሁ በቃሉ ጻፉ፣ ያ ሰው ምን እንዳደረገ ጻፉ፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ምን እንደተቀየረ ጻፉ። ሰው የሚዘለው ይህችን የመጨረሻዋን ነው፣ ዋናዋ ግን እሷ ናት።

ለምሳሌ አንድ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ እንዲህ ጻፈ እንበል፦ «ልጁ የማይሆን ዕቃ ሸጠ። ደንበኛው ፊት ስንቴ ነው የምነግርህ አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ለትንሹም ለትልቁም ስልክ ይደውልልኛል።» አያችሁ? ይህ ሰው ጠይቃችሁት ቢሆን «ሠራተኞቼ በራሳቸው መወሰን አይችሉም፣ ሁሉን ነገር እኔው ነኝ» ብሎ ያማርራል፣ ምናልባት «ምን ዓይነት መሪ ነህ?» የሚለው መጠይቅም «ኃላፊነት የሚሸከም» ይለዋል። አራት መስመር ሲጽፍ ግን ልጁ መቼ መወሰን እንዳቆመና ለምን እንዳቆመ ወረቀቱ ላይ ቁጭ አለ። ልጁ መወሰን አቅቶት አይደለም። ወስኖ ከሚሰደብ ደውሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል፣ ስሌቱ ይሄው ነው። ሒሳቡ ደግሞ ትክክል ነው።

አሁን ወደ መጠይቁ እንሂድ። በጣም የታወቀው ሰውን በ16 ዓይነት የሚከፍለውና በአራት ፊደል የሚጠራው፣ ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ የሠሩት ነው። ለጨዋታ ጥሩ ነው። ግን አብዛኛው ሰው መሐል ላይ የሚቆምበትን መስመር ለሁለት ይቆርጥና ወይ እዚህ ነህ ወይ እዚያ ይላችኋል፣ ስለዚህ ከሳምንታት በኋላ ደግማችሁ ስትሞሉት ሌላ ዓይነት ሰው ሆናችሁ ልትወጡ ትችላላችሁ። እኔ የምመክረው ተመራማሪዎች አዘውትረው የሚጠቀሙበትን «ቢግ ፋይቭ» ነው። ይሄ ዓይነት አይሰጣችሁም፣ በአምስት መለኪያ ላይ የት አካባቢ እንዳላችሁ ያሳያል፦ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ሥርዓትና ጥንቃቄ፣ ተግባቢነት፣ ለሰው መመቸት፣ ቶሎ መጨነቅ። አይፒአይፒ በሚል ስም የሚታወቁት ጥያቄዎቹ ለማንም ክፍት ናቸው፣ 120 ጥያቄ ያለው ነፃ ቅጂ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። የሚያስከፍላችሁ ካለ ዝለሉት።

ስትሞሉ አንድ ነገር ልብ በሉ። «ከማላውቀው ሰው ጋር በቀላሉ አወራለሁ» ለሚል ጥያቄ ድሬ ውስጥ ማነው አላወራም የሚለው? ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር አምስት ደቂቃ የቆመ ሰው ከሦስት ሰው ጋር ተዋውቆ ነው የሚሄደው። ሰው ራሱን የሚለካው አጠገቡ ካሉት ጋር ነው። እዚህ ዝምተኛ የሚባለው ሌላ ከተማ ሲሄድ ወሬኛ ሊባል ይችላል። ስለዚህ የወጣላችሁን ቁጥር እንደ ደም ግፊት ቁጥር አትያዙት፣ ከዚያ ይልቅ ከአምስቱ የትኛው ከሌሎቹ ጎልቶ ወጣ፣ የትኛው ዝቅ አለ ብላችሁ እዩ።

ከዚያ ጎልቶ የወጣውን ወደ ሥራችሁ አምጡት። ለሰው መመቸት ከፍ ካለ ጥሩ ሰው ናችሁ ማለት ይሆናል፣ ግን የዕቁብ ዳኛ ከሆናችሁ አስቡበት። አንዷ እናቴ ታማለች ዕጣውን አስቀድሙልኝ ስትል እሺ፣ ሌላው ሠርግ አለብኝ ሲል እሺ፣ ሦስተኛው ዕቃዬ ጉምሩክ ተይዟል ሲል አሁንም እሺ። ለሦስት ሰው አንድ ዕጣ። እንዲህ ያለው ዳኛ ማንንም ላለማስቀየም ብሎ ሁሉንም ያስቀይማል። ሥርዓትና ጥንቃቄ እጅግ ከፍ ያለበት ደግሞ ደረሰኝ ሳይቀር ሦስቴ ይቆጥራል፣ ሠራተኛው የቆጠረውን እዚያው ሠራተኛው ፊት እንደገና ይቆጥራል። ቶሎ መጨነቅ ከፍ ያለበት ሰው ጭንቀቱን ለብቻው የያዘ ይመስለዋል፣ ቤቱ ሁሉ ግን ከፊቱ አንብቦ ጨርሶታል። የቀሩትን ሁለቱን ራሳችሁ ሞክሯቸው።

ስለ አመራር ስልት ከሆነ የድሮ አንድ ጥናት አለ። ኩርት ሌዊንና ባልደረቦቹ በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አሥር ዓመት ገደማ የሆናቸውን ልጆች በትንንሽ ቡድን ከፍለው የእጅ ሥራ ያሠሯቸው ነበር። አንዱ መሪ ሁሉን ነገር ራሱ ያዛል፣ አንዱ ከልጆቹ ጋር ይመክራል፣ አንዱ ደግሞ እንደፈለጋችሁ ብሎ ይተዋል። የምታስገርመው ነገር መሪው ከክፍሉ ሲወጣ የሆነው ናት። አዛዡ ሲወጣ ሥራው ወደቀ። መካሪው ሲወጣ ሥራው ቀጠለ።

ይሄን ፈተና በነፃ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ሐረር ጉዳይ ፍጠሩና ጠዋት ውጡ። አትደውሉ። መንገድ ላይ ያለችውን ደንገጎን ሳታልፉ ስልካችሁ ሦስቴ ከጮኸ ስለ አመራራችሁ ብዙ ነገር አወቃችሁ ማለት ነው። ጭራሽ ካልጮኸ ደግሞ ቶሎ አትደሰቱ። ማታ ስትመለሱ ምን እንደተሠራ እዩ፣ ወይ ሁሉም ሥራውን ያውቃል፣ ወይ ሱቁ በስድስት ሰዓት ተዘግቷል።

ሁሌ መካሪ ሁኑ ማለቴ ግን አይደለም። ኸርሲና ብላንቻርድ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ከ1969 ጀምሮ ሲያስተምሩ የኖሩት፣ አዲስ ገቢውን ደረጃ በደረጃ ማሳየት፣ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቀውን ደግሞ መልቀቅ ያስፈልጋል የሚል ነው። ጥፋቱ አሥር ዓመት የሠራውን መካኒክና ትናንት የገባውን ልጅ በአንድ ዓይነት ድምፅ ማዘዝ ነው። ደብተራችሁን ስታዩ ከማን ጋር ምን ዓይነት እንደነበራችሁ ፈልጉ። በተለይ ገበያ ሲጠብና ገንዘብ ሲያጥር ወደየትኛው ትሮጣላችሁ? የለመዳችሁት ስልት ያ ነው፣ በደህናው ቀን የምታሳዩት አይደለም።

ቀጥሎ ያለው ከሁሉም ከባዱ ነው፣ ሰው መጠየቅ። የድሬና የሐረር ሰው አንቱታ አይወድም፣ አለቃውንም ሽማግሌውንም አንተ ይላል፣ ስለዚህ ፊት ለፊት የሚናገር ይመስለናል። ቀልዱ ነፃ ነው፣ አልክድም። ግን ደመወዙን የሚከፍለውን ሰው ማረም ሌላ ነገር ነው። «እንዴት ነኝ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱን አሁኑኑ ልንገራችሁ፦ «አቦ አንተ ምን አለብህ፣ ሰው ነህ!»

ስለዚህ እንዲህ ጠይቁ፦ «ባለፈው ወር እኔ ካደረግሁት ነገር ሥራህን ያከበደብህ አንድ ነገር ንገረኝ።» አንድ ነገር በሉ፣ አንድ ሲባል ሰው ይደፍራል። ሰው መሐል አትጠይቁ። ከሥራችሁ ካለ አንድ ሰው፣ እኩያችሁ ከሆነ አንድ ሰው፣ ከተቻለ ደግሞ ሥራ ለቆ ከሄደ አንድ ሰው ስሙ። የለቀቀ ሰው የሚፈራው ነገር የለውም። አማርኛ የሚያንተፋትፈውን ሰው በአማርኛ አታስጨንቁት፣ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ የምትሰሙ ከሆነ በዚያው ይንገራችሁ። የማትሰሙ ከሆነና የሚከብደው ከሆነ ሁለታችሁም የምታምኑት ሦስተኛ ሰው ይጠይቅላችሁ፣ ሽምግልናን ለጠብ ብቻ ማን አደረገው? የአስተያየት ሳጥን የሚባለውን ተዉት፣ ሦስት ሠራተኛ ባለበት ቤት የእጅ ጽሑፉ የማን እንደሆነ ሳጥኑ ሳይከፈት ይታወቃል።

ሲነግሯችሁ አትመልሱ። «እሱማ ያን ቀን እኮ...» ብላችሁ ከጀመራችሁ አለቀ፣ ሁለተኛ አይነግራችሁም። አመስግኑና ሂዱ፣ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። ከተናደዳችሁ ደግሞ ጥሩ ነው፣ የት ጋ እንደነካችሁ ታወቀ፣ ግን ንዴቱን ቤታችሁ ይዛችሁት ሂዱ።

ሁሉንም ግን በጭፍን አትቀበሉ። ሲሚን ቫዚሬ የምትባል ተመራማሪ በ2010 ያሳተመችው ጥናት እንደሚያሳየው እንደ ጭንቀት ያለውን የውስጥ ነገር ሰው ስለ ራሱ ከወዳጆቹ ይበልጥ ያውቃል፣ እንደ ብልህነት ባለው ግን ወዳጆቹ ከእሱ ይበልጥ ያያሉ። ስለዚህ «ትፈራለህ» ቢሏችሁና ካልፈራችሁ ራሳችሁን እመኑ። «ሐሳብህ ግልጽ አይደለም» ካሏችሁ ግን አትከራከሩ።

አሁን አንድ ገጽ ለሁለት አካፍሉ። በአንድ በኩል እናንተ ስለ ራሳችሁ ያላችሁት፣ በሌላው እነሱ ያሏችሁ። የገጠመውን እለፉት። እነሱ ብቻ ያሉት ነገር ከሁለት ሰው ከመጣ አክብቡት። እናንተ ብቻ የምታውቁት ደግሞ ይኖራል፣ ለምሳሌ ሒሳብ ስለሚያስጨንቃችሁ ነው ወር መጨረሻ ላይ የምትቆጡት። ይህንን ብትነግሯቸው ምን ትጎዳላችሁ? ጆሴፍ ሉፍትና ሃሪንግተን ኢንግሃም በ1955 «የጆሃሪ መስኮት» ብለው በአራት ካሬ የሣሉት ይህንኑ ነው፣ ሥዕሉን ባትሠሩትም ይሄዳል።

ካከበባችሁት አንድ ብቻ ምረጡ። «የተሻለ መሪ እሆናለሁ» አይባልም። «ደንበኛ ፊት ሠራተኛ አላርምም» ይባላል። ለሚመለከተው ሰውም ንገሩት፣ «ከረሳሁ አስታውሰኝ» በሉት። መጀመሪያ ይስቅባችኋል። ይሳቅ።

ከዚያ ስለ ሥራ አመራር ብዙ የጻፈውን የፒተር ድራከርን ምክር ተከተሉ፦ አንድ ነገር ስትወስኑ ምን ይሆናል ብላችሁ እንደምትጠብቁ ጻፉ፣ ዘጠኝ ወይም አሥራ ሁለት ወር ቆይታችሁ ከሆነው ጋር አስተያዩት። ለእኛ ሐምሌ ይመቻል፣ በጀቱም ዕቅዱም የሚጀምረው ያኔ ነው። ሐምሌ ላይ «ልጁ መደወል ይቀንሳል» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሚያዝያ ላይ ክፈቱት። ካልቀነሰ ወይ ቃላችሁን አልጠበቃችሁም፣ ወይ ምክንያቱ ሌላ ነበር። ልጁን ጠይቁት፣ አሁን ሊነግራችሁ ይችላል።

ደብተሩን ሱቅ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡት። የነገሯችሁን ሰዎች ስምም አትጻፉበት፣ ጽፋችሁ ከሆነ ቀዳችሁ ጣሉት። የሱቅ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ደብተር ሳምንት ሳይሞላው ሁሉም አንብቦታል።